የገዳሪፍ ማሽላ ባለቤት ማን ነው? ተቀጣሪ የፈጠረው ሥራና የአእምሯዊ ንብረት ሕግ

በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ግዛት ሰኔና ሐምሌ የዘር ወራት ናቸው። ዝናቡ ጥቁሩን አፈር ማራስ ሲጀምር ትራክተሮች ወደ ሰፋፊዎቹ እርሻዎች ይወጣሉ፤ ማሽላና ሰሊጥ ይዘራል። ከመተማ ተነስተው በጋላባት በኩል ድንበር የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን የቀን ሠራተኞችም ለአረምና ለአጨዳ ወደዚሁ ምድር መመላለስ ከጀመሩ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል።

የሚዘራው ምርጥ ዘር ስም አለው። "ዋድ አሕመድ"፣ "ታባት"፣ "አርፋ ገደማክ" የሚባሉት የማሽላ ዝርያዎች በአካባቢው ገበሬ ዘንድ የታወቁ ናቸው። ዝርያውን ለዓመታት ሲያዳቅል፣ ሲመርጥና ሲፈትሽ የኖረው ተመራማሪ ግን ብዙውን ጊዜ ስሙ አይነሳም። ደመወዝ ተከፍሎታል፤ ሥራው የመሥሪያ ቤቱ ሆኗል። ነገሩም በዚያው ያለቀ ይመስላል።

ይሁንና እአአ በሚያዝያ 2023 የፈነዳው የሱዳን ጦርነት ያለቀ የመሰለውን ጉዳይ እንደገና አንስቶታል። መሥሪያ ቤቱ ሲዘረፍ፣ ተመራማሪው ሲሰደድ፣ የዘር ናሙናውም ወደ ሌላ አገር ሲሻገር ሥራው የማን ሆኖ ይቀራል? የደመወዝ ከፋዩ? የባለሙያው? ወይስ ዘሩን ለሺህ ዓመታት ጠብቆ ያቆየው የገበሬው?

ጥያቄው የሱዳን ብቻ አይደለም። በድንበሩ ማዶም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በዩኒቨርሲቲም ሆነ በእርዳታ ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ማንኛውም ባለሙያ ሳያውቀው በየቀኑ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። መልሱ የሚገኘውም አብዛኛውን ጊዜ ሳያነብ በፈረመው የቅጥር ውል ውስጥ ነው።

ከዋድ መዳኒ እስከ ስቫልባርድ

የሱዳን የግብርና ምርምር ኮርፖሬሽን ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው በገዚራ ግዛት ዋና ከተማ በዋድ መዳኒ ነው። የአገሪቱ የዘረመል ባንክም መቀመጫው እዚያው ነበር። ለገዳሪፍ ዝናብ ጠባቂ እርሻ የሚሆኑ ዝርያዎችን የሚፈትሸው የገዳሪፍ የምርምር ጣቢያም የዚሁ ኮርፖሬሽን አካል ነው።

እአአ በታኅሣሥ 2023 ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ዋድ መዳኒን ተቆጣጠረ። የዘረመል ባንኩ ተዘረፈ፤ የምርምር መሣሪያዎች ወደሙ፤ ተመራማሪዎችም ተበተኑ። የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ የያዘው ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ በጥር 2025 ነበር።

በዚያው ዓመት የካቲት ወር፣ ማሽላን ጨምሮ ከሱዳን የመጡ የዘር ናሙናዎች በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ በኖርዌይ ደሴት ላይ ወደሚገኘው የስቫልባርድ ዓለም አቀፍ የዘር ማከማቻ ገቡ። በዚህ ማከማቻ አሠራር ሳጥኑን ያስቀመጠው ተቋም የይዘቱ ባለቤት እንደሆነ ይቀጥላል። ኖርዌይም ሆነች ሌላ አስቀማጭ ሳጥኑን ሊከፍት አይችልም። ዘሩ ከአገር ቢወጣም ባለቤትነቱ ከአገር አልወጣም።

በሳጥን ለተቀመጠው ዘር መልሱ ይህን ያህል ግልጽ ነው። በየቦታው ለተበተነው ሌላው ሀብት ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የዓመታት የሙከራ መዝገብ፣ በላፕቶፕ ውስጥ የቀረ መረጃ፣ በፖስታ የተጠቀለለ ገና ስም ያልወጣለት የዘር መስመር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በተመራማሪው አእምሮ ያለው ዕውቀት ሳጥን የላቸውም።

ሀጂን ዱራ፦ የአንድ ዘር ረጅም ጉዞ

በቅጥር የተሠራ ሥራ ባለቤትነት ምን ያህል ውስብስብ እንደሆነ ለማየት ከሱዳን የግብርና ታሪክ "ሀጂን ዱራ-1" ከሚባለው ማሽላ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት አይቻልም። ስሙ በዓረብኛ "ዲቃላ ማሽላ" ማለት ነው።

ዝርያውን ያዳቀሉት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው። በምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ የተወለዱት ገቢሳ ከዓለማያ የግብርና ኮሌጅ ተመርቀው፣ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። እአአ በ1979 መቀመጫውን ሕንድ ባደረገውና በደረቅ አካባቢ ሰብሎች ላይ በሚሠራው ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም፣ በኢክሪሳት፣ ተቀጥረው ሱዳን ገቡ። ከሱዳን የግብርና ምርምር ኮርፖሬሽን ጋር በመሆን ድርቅን የሚቋቋም ዲቃላ ማሽላ ለማግኘት ሠሩ። ሀጂን ዱራ-1 በ1983 ለገበሬው ተለቀቀ። በአፍሪካ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው ድርቅ ቻይ ዲቃላ ማሽላ ተደርጎ ይቆጠራል። እንደ ዓለም የምግብ ሽልማት ድርጅት መግለጫ፣ እስከ 1999 ባለው ጊዜ በሱዳን በዚህ ዝርያ የተሸፈነው መሬት አንድ ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም 400 ሺህ ሄክታር ገደማ ደርሷል። ፕሮፌሰሩም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ለሽልማቱ ካበቋቸው ሥራዎች አንዱም አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን ማውጣታቸው ነው።

የዝርያውን ወላጆች የመረመረ ሰው ግን ታሪኩ ከ1979 እጅግ ቀድሞ መጀመሩን ያያል። የሀጂን ዱራ-1 እናት መስመር "ቲኤክስ623" የምትባል፣ በአሜሪካ ቴክሳስ በመንግሥት የግብርና ተመራማሪዎች የተገኘች ናት። የዚህች መስመር አንዱ ወላጅ ደግሞ "ዜራ ዜራ" ከተባሉት የማሽላ ዓይነቶች ወገን የሆነ፣ ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ ነባር ማሽላ ነው። ዜራ ዜራ በኢትዮጵያና በሱዳን አዋሳኝ አካባቢዎች ገበሬዎች ለዘመናት ሲዘሩት የኖሩት ነው። አሜሪካውያን እአአ ከ1963 ጀምሮ ባካሄዱት ፕሮግራም የምሥራቅ አፍሪካን ረጃጅም ማሽሎች በማሽን ለሚታጨድ አጭር ቁመት ሲያስተካክሉ ከተጠቀሙባቸው ዘሮች መካከል ነበር።

ስለዚህ የድንበሩ ገበሬ ጠብቆ ያቆየው ዘር ወደ ቴክሳስ ሄደ፤ በዚያ የመንግሥት ተቀጣሪዎች አሻሻሉት፤ ከዚያም ሕንድ ባለ ዓለም አቀፍ ተቋም የተቀጠረ ኢትዮጵያዊ ወደ ሱዳን መልሶ አመጣው፤ በሱዳን መንግሥት የምርምር ማሳ ላይ ተዳቅሎና ተፈትሾም ተለቀቀ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ቢያንስ ሦስት አሠሪዎችና በርካታ ተቀጣሪዎች አሉ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የማይታወቀው፣ ደመወዝም ያልተከፈለው ገበሬ ደግሞ በሰንሰለቱ መነሻ ላይ ቆሟል።

በ1980ዎቹ ይህ ሁሉ ብዙ ክርክር አላስነሳም። ምክንያቱም በሰንሰለቱ ውስጥ ያሉት አሠሪዎች ሁሉ የሕዝብ ወይም ለትርፍ ያልቆሙ ተቋማት ነበሩ። የዘር መስመሮችን እርስ በርስ በነፃ መለዋወጥ የዘመኑ ልማድ ነበር። "የአሠሪው ነው" ማለት በተግባር "የሁሉም ነው" ማለት ሆኖ አለፈ። ሕጉ ለሠራተኛው የተለየ ነገር ስለሰጠው ሳይሆን አሠሪው በሩን ስላልዘጋ ዘሩ ለገበሬው ደረሰ።

ስሙ የገንዘብ ሰጪው

ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ በዚያው በሱዳን የሆነው ሌላ ታሪክ ለውጡን ያሳያል። እአአ በ2012 አቀንጭራን የሚቋቋሙ አራት የማሽላ ዝርያዎች ተለቀቁ። አቀንጭራ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚያድግና ምርቱን የሚበላ አረም ነው፤ በገዳሪፍም ሆነ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች የገበሬው ጠላት ነው።

ተመራማሪዎቹ መቋቋሚያውን ባሕርይ ያገኙት "ኤን13" ከተባለ የሕንድ ማሽላ ሲሆን፣ በዘረመል ምልክት እየተከታተሉ ወደ ታባት፣ ወደ ዋድ አሕመድና ወደ አርፋ ገደማክ አሻገሩት። የወጡት ዝርያዎች ግን "አሳሬካ ቲ1"፣ "አሳሬካ ደብሊው2"፣ "አሳሬካ ኤጂ3" እና "አሳሬካ ኤጂ4" ተባሉ። አሳሬካ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ የግብርና ምርምርን ለማጠናከር የተቋቋመና ለሥራው ድጋፍ ያደረገ ክፍለ አህጉራዊ ማኅበር ነው።

በዓረብኛ "እግርህን አንሳ" የሚል ትርጉም ያለው አርፋ ገደማክ ሁለት የላቲን ፊደላት ብቻ ሆኖ ቀረ። ያዳቀሉት ሱዳናውያን ባለሙያዎች ስም በምርምር ጽሑፎች ላይ እንጂ በዝርያው ስም ላይ የለም። በዚህ ማንም ሕግ አልጣሰም። ነገር ግን ስም የባለቤትነት የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ ስሙ ወደ ገንዘብ ሰጪው መሄዱ የዘመኑን አቅጣጫ ያመለክታል።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙዎች እንደሚገምቱት ለዚህ ጥያቄ አንድ ዓለም አቀፍ መልስ የለም። የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት ለፓተንትና ለቅጂ መብት ዝቅተኛ መለኪያዎችን ቢያስቀምጥም፣ ተቀጣሪ የፈጠረው ሥራ የማን እንደሆነ አይወስንም። ይህ ለየአገሩ ሕግ የተተወ ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ረገድ ዝርዝር ያለው ነው። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነገሩን በሦስት ይከፍለዋል።

አንደኛ፣ በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል አፈጻጸም የተገኘ ፈጠራ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ወይም የሥራ አዛዡ ነው። ሁለተኛ፣ ከቅጥሩ ጋር ግንኙነት ሳይኖረው፣ የአሠሪውን ሀብት፣ መረጃ ወይም መሣሪያ ሳይጠቀም የተገኘ ፈጠራ የሠራተኛው ነው። ሦስተኛ፣ ከሁለቱም የማይመደብ፣ በሠራተኛው የግል ጥረትና በአሠሪው ሀብት በጋራ የተገኘ ፈጠራ ደግሞ የሁለቱ የጋራ ንብረት ይሆናል፤ ድርሻቸውም እኩል ነው።

ይህን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በመተማ በአንድ የግብርና ጽሕፈት ቤት የተቀጠረ የሰብል ባለሙያ አለ እንበል። ሥራው ገበሬን ማማከር ነው፤ የሰሊጥ መዝሪያ መሣሪያ እንዲሠራ አልታዘዘም። በትርፍ ሰዓቱ፣ በቤቱ፣ በገዛ ገንዘቡ መሣሪያውን ቢሠራ ፈጠራው የእሱ ነው። የጽሕፈት ቤቱን ብየዳ ቤትና ብረት ቢጠቀም ግማሹ የአሠሪው ይሆናል። መዝሪያ እንዲያዘጋጅ ተመድቦ ቢሠራው ደግሞ በውሉ የተለየ ነገር ካልተጻፈ በስተቀር ሙሉ በሙሉ የአሠሪው ነው። ያው ሰው፣ ያው መሣሪያ፤ ባለቤቱ ግን ሦስት ጊዜ ተለዋወጠ።

ለጽሑፍ፣ ለፎቶግራፍ፣ ለኮምፒውተር ፕሮግራምና ለመሳሰሉት የሚሠራው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ይህ አዋጅ ለአሠሪው ይበልጥ ያደላል። በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የመጀመሪያ ባለቤቱ አሠሪው ወይም አዛዡ ነው። በብዙ አገሮች ነፃ ሠራተኛ በትዕዛዝ የሠራው ሥራ በጽሑፍ ካላስተላለፈው የራሱ ሆኖ ሲቀር፣ በኢትዮጵያ ግን መነሻው ተቃራኒ ነው። ለሠራተኛው የሚቀረው የሞራል መብቱ ነው፤ ይህም በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስና ሥራው ክብሩን በሚነካ መልኩ እንዳይዛባ የመጠየቅ መብት ነው። ይህ መብት በሕይወት እያለ ለሌላ ሊተላለፍ አይችልም።

ለዝርያው ለራሱ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። የኢትዮጵያ የፓተንት ሕግ የዕፅዋትና የእንስሳት ዝርያዎችን ከፓተንት ያገላል። በምትኩ የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ፣ መጀመሪያ በ1998 ዓ.ም. ከዚያም ተሻሽሎ በቁጥር 1068/2009፣ ለአዲስ ዝርያ ጥበቃ ይሰጣል፤ አነስተኛ ገበሬዎች ከምርታቸው ዘር አስቀርተው እንዲጠቀሙና እንዲለዋወጡም ቦታ ይተዋል። በተመሳሳይ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የዘረመል ሀብት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ፣ የማኅበረሰብ ዕውቀት ደግሞ የሚመለከተው ማኅበረሰብ እንደሆነ ይደነግጋል።

በሱዳን በኩል የፓተንት ሕጉ ከ1971 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ የቅጂ መብት ሕጉ በ2013 ታድሷል። ሱዳን መቀመጫው ሐራሬ የሆነው የአፍሪካ ክፍለ አህጉራዊ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል ስትሆን ኢትዮጵያ አይደለችም። አዲስ የዕፅዋት ዝርያዎችን በሚመለከተው "ዩፖቭ" በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ግን ሁለቱም የሉም። አንድ ዝርያ በጋላባት ድልድይ ላይ ሲሻገር ከአንዱ የሕግ ዓለም ወደ ሌላው ይገባል ማለት ነው።

ሰብሎቹ ራሳቸውም በሕግ ፊት እኩል አይደሉም። ኢትዮጵያና ሱዳን አባል የሆኑበት የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል አገሮች በጋራ ደንብ ዘር የሚለዋወጡባቸውን ሰብሎች ይዘረዝራል። ማሽላ በዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ የገዳሪፍና የሁመራ ዋነኛ የገበያ ሰብል የሆነው ሰሊጥ ግን የለም። ስለዚህ የማሽላ ተመራማሪ ናሙና ሲወስድ የታወቀ መደበኛ ውል ይጠብቀዋል፤ የሰሊጥ ተመራማሪ ግን እያንዳንዱን ጉዳይ በተናጠል መደራደር ይኖርበታል።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

"ደመወዝ ተከፍሎታልና ነገሩ አልቋል" የሚለው አስተሳሰብ በበለጸጉ አገሮችም ተፈትኗል።

በጃፓን ኒቺያ በተባለ ኩባንያ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩት ሹጂ ናካሙራ ዛሬ ዓለም በሚጠቀምበት ነጭ አምፖል መሠረት የሆነውን ሰማያዊ ኤልኢዲ ብርሃን ለማግኘት ወሳኝ ሥራ ሠሩ። ከኩባንያው በመጀመሪያ የተሰጣቸው ማበረታቻ 20 ሺህ የን ብቻ ነበር። በ2004 የቶኪዮ ፍርድ ቤት 20 ቢሊዮን የን እንዲከፈላቸው ወሰነ፤ በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩ በ840 ሚሊዮን የን ገደማ በስምምነት ተዘጋ። ናካሙራ በ2014 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ጃፓንም በ2015 ሕጓን አሻሽላ ፈጠራው ከመነሻው የአሠሪው እንዲሆን መንገድ ከፈተች፤ ሠራተኛው ተገቢ ጥቅም የማግኘት መብቱ ግን እንዲቀጥል አደረገች።

በብሪታኒያ ኢያን ሻንክስ የተባሉ ሳይንቲስት በ1982 ለዩኒሊቨር ተቀጥረው ሲሠሩ ለስኳር ሕሙማን የደም ምርመራ የሚያገለግል ፈጠራ አገኙ። ከረጅም ክርክር በኋላ በ2019 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 2 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፈላቸው ወሰነ። ጀርመን ደግሞ ከ1957 ጀምሮ አሠሪው የሠራተኛውን ፈጠራ ሲወስድ ካሳ እንዲከፍል የሚያስገድድ የተለየ ሕግ አላት።

የአሜሪካው ምሳሌ የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው። በ2011 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና በሮሽ ኩባንያ መካከል በነበረ ክርክር፣ ፈጠራ ከመነሻው የፈጠረው ሰው ነው ሲል ወሰነ። ዩኒቨርሲቲው የተረታው በአንድ ሐረግ ምክንያት ነበር። ተመራማሪው ከስታንፎርድ ጋር የፈረሙት ውል "ወደፊት ለማስተላለፍ እስማማለሁ" የሚል ነበር። በኋላ ለምርምር ከሄዱበት ኩባንያ ጋር የፈረሙት ደግሞ "በዚህ ውል አስተላልፌአለሁ" ይል ነበር። የሁለተኛው ቃል አሸነፈ።

የጤፍ ትምህርት

ቃላት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍሉ ኢትዮጵያ ራሷ ታውቃለች። እአአ በ2005 የኢትዮጵያ የብዝኀ ሕይወት ተቋም ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጤፍ ዘረመል ሀብትን ስለመጠቀምና ጥቅምን ስለመጋራት ስምምነት ፈረመ። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። በ2009 ኩባንያው ሲከስር ስምምነቱ ከእሱ ጋር ወደቀ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌሎች ኩባንያዎች እጅ ተላለፈ። ኢትዮጵያ የጠበቀችውን ጥቅም ሳታገኝ ቀረች። ፓተንቱ በኔዘርላንድስ ዋጋ እንዲያጣ የተደረገው በኅዳር 2018 በሄግ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፤ ክርክሩንም ያነሳው የኢትዮጵያ መንግሥት ሳይሆን የፓተንት ባለቤቱ የከሰሰው ሌላ የአገሪቱ ኩባንያ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለገዳሪፍ የሚሆነው ትምህርት ግልጽ ነው። ተቋም ሊፈርስ፣ ኩባንያ ሊከስር ይችላል። መብት በማን እጅ እንደሚቀር የሚወስነው ተቋሙ በፈረሰበት ቀን ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው።

በሻንጣ የሚሄድና በአእምሮ የሚሄድ

ወደ ተሰደደው ተመራማሪ እንመለስ። ከዋድ መዳኒ ወይም ከሌላ የምርምር ጣቢያ ሸሽቶ በገዳሪፍ፣ በካይሮ ወይም በአዲስ አበባ አዲስ ሥራ ያገኘ ባለሙያ ሁለት ዓይነት ነገር ይዞ ሊወጣ ይችላል።

የመጀመሪያው በሻንጣ የሚሄደው ነው፤ የዘር ፖስታ፣ የሙከራ መዝገብ፣ የመረጃ ፋይል። አሠራሩ በአብዛኛው ዓለም ተመሳሳይ ነው፤ በሥራ ላይ የተገኙት እነዚህ ነገሮች የአሠሪው ናቸው። መሥሪያ ቤቱ መዘረፉ ወይም ደመወዝ ማቋረጡ ባለቤትነቱን በራሱ አያጠፋውም። ተመራማሪው ከጥፋት ያተረፈው ባለ አደራ ሆኖ እንጂ ባለቤት ሆኖ አይደለም። አዲሱ አሠሪ ያንኑ የዘር መስመር በራሱ ስም ቢያስመዘግብ የሱዳን ተቋም የመጠየቅ መብት አለው።

ሁለተኛው በአእምሮ የሚሄደው ነው። የትኛው ወላጅ ከየትኛው ጋር እንደሚሰምር፣ አቀንጭራ በየትኛው አፈር እንደሚበረታ፣ በኅዳር የተኛ ማሽላ ምን እንደጎደለው በዓይን የመለየት ችሎታ በደመወዝ የተገዛ ንብረት አይደለም። አጠቃላይ ሙያዊ ዕውቀት የሠራተኛው ነው የሚለው በብዙ አገሮች ሕግ የተቀበለ መርኅ ነው፤ ካልሆነ ማንም ሰው ሥራ ቀይሮ መኖር ባልቻለ ነበር።

በሁለቱ መካከል ያለው መስመር በሰላም ጊዜም ቀጭን ነው። በጦርነት ጊዜ ደግሞ የሚያሰምረው ሰው ይጠፋል። ለዚህም ነው አደጋው በሁለት አቅጣጫ የሚመጣው። በአንድ በኩል የተጎዳ አገር ተቋም የዓመታት ልፋት በሌላ ስም ሊመዘገብ ይችላል። በሌላ በኩል ባለሙያው "የአሠሪዬን ንብረት ይዘሃል እባላለሁ" በሚል ፍርሃት ያተረፈውን ዘርና መረጃ ደብቆ ሊያስቀምጠው፣ ዘሩም በዚያው ሊሞት ይችላል። የሁለተኛው ኪሳራ ከመጀመሪያው ያነሰ አይደለም፤ ምክንያቱም ያልተዘራ ዘር የመብቀል ኃይሉን እያጣ ይሄዳል፤ በፍርድ ቤት አሸንፎ ማስመለስም አይቻልም።

ይህ ለሳይንቲስቶች ብቻ የቀረበ ጉዳይ አይደለም። ከ2020 ወዲህ በገዳሪፍ ግዛት ኡም ራኩባና ቱናይድባህ መጠለያዎች ከተጠለሉ ኢትዮጵያውያን መካከል መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ አስተርጓሚዎችና ፎቶ አንሺዎች አሉ። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ለእርዳታ ድርጅት በአጭር ጊዜ ውል ሲሠሩ የሚያዘጋጁት የማስተማሪያ ጽሑፍ፣ የሚተረጉሙት ሰነድና የሚያነሱት ፎቶግራፍ በውሉ ውስጥ በአንድ አንቀጽ ወደ ድርጅቱ ይተላለፋል። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደንብ ሠራተኛው በሥራው ያፈራው ማንኛውም መብት የድርጅቱ ነው። ይህ ሕገ ወጥ አይደለም። ነገር ግን የሚፈርመው ሰው ምን እየሰጠ እንደሆነ ቢያውቅ ቢያንስ ስሙ እንዲጠቀስ፣ ሥራውንም ለሙያ ማስረጃው እንዲጠቀምበት መጠየቅ ይችላል።

መፍትሔው ከየት ይጀምራል?

ሕግ ማሻሻል ዓመታት ይፈጃል፤ ጦርነት ባለበት አገር ደግሞ ይበልጥ ይርቃል። ሆኖም አዲስ ሕግ ሳይጠበቅ ሊሠሩ የሚችሉ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የተሰደዱ ተመራማሪዎችን የሚቀጥሩ ተቋማት ድርሻ ነው። በቅጥሩ ዕለት ባለሙያው ምን ይዞ እንደመጣ በዝርዝር ቢመዘገብ፣ ያ ንብረት የቀድሞው ተቋም እንደሆነ ቢታወቅ፣ ወደፊት ከእሱ የሚወጣው ዝርያም በጋራ ስም እንዲለቀቅ ቢስማሙ ሁለቱም አደጋዎች ይቀንሳሉ። የኢትዮጵያ ሕግ ለጋራ ሥራ ያስቀመጠው የእኩል ድርሻ መርኅ ለዚህ ዓይነት ስምምነት ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። ሱዳን አባል የሆነችበት የፓሪስ ስምምነት ፈጠራውን ያገኘው ሰው በፓተንቱ ላይ በስሙ የመጠቀስ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ ለዘር ዝርያም ቢሠራበት ለመሥሪያ ቤት ወጪ የለውም፤ አገር ላጣ ባለሙያ ግን ቀጣዩን ሥራ የሚያገኝበት ማስረጃ ነው። የገበሬው አካባቢ ስምም አብሮ ቢመዘገብ የዘሩ መነሻ አይጠፋም።

ሦስተኛው የእያንዳንዱ ሠራተኛ ነው። በአዲስ አበባ፣ በገዳሪፍም ሆነ በሌላ ቦታ፣ "ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ" የሚለው የሕጉ ሐረግ በር ነው። ስምምነት ካለ ስምምነቱ ይገዛል። በሩ የሚከፈተው ግን ከመፈረም በፊት ነው፤ ፈጠራው ዋጋ ካወጣ በኋላ መደራደር ናካሙራንና ሻንክስን የዓመታት ክርክር አስከፍሏቸዋል።

የሀጂን ዱራ-1 ታሪክ በመልካም የተጠናቀቀው በሰንሰለቱ ያሉት ሁሉ ዘሩ ገበሬ ዘንድ እንዲደርስ ስለፈለጉ ነበር። ዛሬ ያንን በጎ ፈቃድ ብቻ ታምኖ መቆየት አይቻልም። የዋድ መዳኒ የምርምር ቤተ ሙከራዎች እንደገና ሲገነቡ ሕንፃውንና መሣሪያውን በገንዘብ መተካት ይቻላል። በየአገሩ የተበተኑት ባለሙያዎች ከነዘራቸውና ከነመዝገባቸው መመለሳቸው ግን "የማን ነው?" ለሚለው ጥያቄ ከወዲሁ በሚሰጠው መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ገዳሪፍ ላይ በየክረምቱ ዝናብ የሚጠብቀው ገበሬም መልሱን በፍርድ ቤት አይሰማውም፤ የሚያየው በሚዘራው ዘር ነው።